የብሪንግ ሚ ዘ ሆራይዘን አልበሞች፦ ጅማ ላለ አዲስ ጆሮ ከየትኛው መጀመር ይሻላል?

የዚህን ባንድ ስም ሰምቶ የማያውቅ የጅማ ወጣት ድምፁን ግን ሳይሰማው አልቀረም። መንጋጋው እንደ ጥርብ ድንጋይ የሆነ ጡንቸኛ ሰው በጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚታይባቸው፣ ከ2021 ጀምሮ በየስልኩ የተዳረሱት አጫጭር ቪዲዮዎች ጀርባ የሚሰማው ሙዚቃ የእነሱ ነው። «ካን ዩ ፊል ማይ ሃርት» ይባላል፤ የወጣው ግን ከዚያ 8 ዓመት ቀድሞ፣ በ2013 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ዘፈኑን ይወድና የባንዱን ስም ፈልጎ የመጀመሪያውን አልበም ይከፍታል። ከጉሮሮ ሥር የሚወጣ ጉርምርምታና ፋታ የማይሰጥ ድራም ይቀበለዋል፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ ከባድ ሜታል ፈልጎ በ2019ኙ አልበም ይገባና ፖፕ ሲሰማ ተስፋ ቆርጦ ይወጣል። ሁለቱም ባንዱን ሳያውቁት ቀሩ።

ስለዚህ ምክራችንን ከወዲሁ እንናገር፤ ከመሃል ጀምሩ። በ2013 የወጣውን «ሴምፒተርናል»ን ሙሉውን ሁለት ጊዜ ስሙ፤ ከዚያ የወደዳችሁት ጩኸቱን ከሆነ ወደኋላ፣ ዜማውን ከሆነ ወደፊት ሂዱ። በወጡበት ቅደም ተከተል መስማት ለታሪክ ጸሐፊ ይጠቅም ይሆናል፤ ለአዲስ ጆሮ ግን አይሆንም።

ባንዱ ማን ነው፣ ሜታልኮርስ ምንድን ነው?

ብሪንግ ሚ ዘ ሆራይዘን በ2004 በእንግሊዟ የብረት ከተማ ሼፊልድ ተመሠረተ። ድምፃዊው ኦሊ ሳይክስ፣ ጊታሪስቱ ሊ ማሊያ፣ ቤዚስቱ ማት ኪንና ድራመሩ ማት ኒኮልስ ከመነሻው እስከ ዛሬ አብረው አሉ። ሁለተኛ ጊታር ይጫወት የነበረው ኩርቲስ ዋርድ በ2009 ወጣ። በቦታው የገባው አውስትራሊያዊው ጆና ዋይንሆፈን በ2013 መጀመሪያ ላይ ተሰናበተ። ኪቦርድና ኤሌክትሮኒክሱን የያዘው ጆርዳን ፊሽ በ2012 ገብቶ በ2023 መጨረሻ ለቀቀ። እነዚህን መግቢያና መውጫዎች ልብ በሏቸው፤ ድምፁ የተቀየረባቸው ቦታዎች ከእነሱ ጋር ይገጥማሉ።

ባንዱ ስሙን ያተረፈበት ሜታልኮር የሃርድኮር ፓንክ ጩኸትና ጉልበት ከሜታል ጊታር ጋር የተጋባበት ስልት ነው። መለያው ብሬክዳውን የሚባለው ክፍል ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ይወርድና ጊታሩ፣ ቤዙና ድራሙ በአንድ እግር እንደሚረግጡ ሆነው ይመታሉ። ችክችካ የለመደ ጆሮ መጀመሪያ ላይ ምቱ የቆመበት ሊመስለው ይችላል። አልቆመም። እግራችሁን በስኔሩ (ጠርቶ በሚጮኸው ትንሽ ድራም) ምት ላይ አስቀምጡና ቁጠሩ፤ አብዛኛው 4 ምት ነው።

ጩኸቱን በተመለከተ ለእኛ ሰው ቅርቡ ንጽጽር ፉከራና ሽለላ ነው። ፎካሪ ዜማ አያዜምም፤ ቃሉን በጉልበት ይወረውራል፣ የሚሰማው ሰው ፀጉሩ ይቆማል። የሳይክስን ጩኸት ዜማ አድርጎ ለመስማት የሚሞክር ሰው ይደክመዋል። እንደ ፉከራ የሚሰማው ግን ቶሎ ይገባዋል፤ ምክንያቱም የሚጠብቀው ዜማውን ሳይሆን ቃሉ የሚያርፍበትን ቦታ ነው። ዜማው ሲመጣ ደግሞ በብዛት በማይነር ስለሆነ የትዝታ ማይነርን ለለመደ ጆሮ እንግዳ አይሆንበትም፤ አምስቱ የትዝታ ማይነር ድምፆች በተፈጥሯዊው ማይነር ውስጥ ሁሉም አሉ።

ሴምፒተርናል (2013)፦ በሩ

11 ዘፈን፣ ወደ 46 ደቂቃ። ፕሮዲውሰሩ ከፓንቴራና ከዴፍቶንስ ጋር የሠራው ቴሪ ዴት ነው። ጆርዳን ፊሽ የገባበት የመጀመሪያው አልበም ሲሆን፣ ልዩነቱ ከመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይታወቃል። «ካን ዩ ፊል ማይ ሃርት» የሚጀምረው በጊታር አይደለም፤ ተቆራርጦ የተደጋገመ፣ ሰው የሚያለቅስ የሚመስል ሲንተሳይዘር ቀድሞ ይገባል፤ ጊታሩ ከሥሩ ይመጣና ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት አልበሞች ኤሌክትሮኒክሱ ጊታሩ ከተሠራ በኋላ የሚነሰነስ ቅመም ነበር፤ እዚህ ግን ወጡ ራሱ የተሠራበት ሆኗል።

ለመመዘን ሦስት ዘፈን ይበቃል። «ሻዶው ሞሰስ»ን ስሙ፤ አዝማቹ ብዙ ሰው አብሮ የሚጮኸው ነው፣ መጨረሻው ደግሞ የጥንቱን ክብደት ይዟል። «ስሊፕዎኪንግ» ቀጥሎ የሚመጣውን ዜማዊ ዘመን ያሳያል። መዝጊያው «ሆስፒታል ፎር ሶልስ» ቀስ ብሎ በንግግር ተነስቶ እስከ ጩኸት የሚያድግ ረጅም ሥራ ነው። ሦስቱንም ከወደዳችሁ የቀረውን ያለ ፍርሃት ስሙ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ከወደዳችሁ ደግሞ የት መሄድ እንዳለባችሁ ያ አንዱ ይነግራችኋል።

የግጥሙ ምንጭ ቀላል አይደለም። ሳይክስ የኬታሚን (የማደንዘዣ መድኃኒት) ሱስ እንደነበረበትና ማገገሚያ ገብቶ እንደወጣ በ2014 በሽልማት መድረክ ላይ በአደባባይ ተናግሯል፤ አልበሙ የዚያን ጊዜ ነው። ቁጣው ወደ ሌላ ሰው የተወረወረ ቢመስልም አብዛኛው ወደ ራሱ ነው። ግጥሙን አንድ ጊዜ እያነበባችሁ ስሙት፤ እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም፣ በጩኸት ውስጥ የሚጠፋው ቃል ግን ብዙ ነው።

ወደኋላ ለሚሄድ

ከሴምፒተርናል አንድ እርምጃ ወደኋላ በ2010 የወጣው፣ ስሙ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚያህለው «ዜር ኢዝ ኤ ሄል» አለ። ለእኛ ከሁሉም በላይ የተዘነጋ ሥራቸው ይህ ነው። ኦርኬስትራና ኅብረ ድምፅ ገብቶበታል፤ ካናዳዊቷ ድምፃዊት ላይትስ «ክሩሲፋይ ሚ» እና «ዶንት ጎ» ላይ ዘምራለች። የሴት ድምፅ ከሳይክስ ጩኸት አጠገብ ሲቀመጥ ጩኸቱ ይበልጥ ይጎላል፤ ሁሉም በአንድ ጉልበት ቢጮህ ኖሮ ጆሮ ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ በለመደው ነበር። ጉድለቱ ርዝመቱ ነው፤ 12 ዘፈን፣ ከ50 ደቂቃ በላይ፣ ያለ ብዙ ፋታ። በሁለት ቀን ከፍላችሁ ስሙት።

ከዚያ በፊት የ2008ቱ «ሱሳይድ ሲዝን» አለ። ከዚህ ሁለተኛ አልበማቸው በፊት ሌላ ባንድ ነበሩ ማለት ይቻላል። የስዊድን ሜታልን ድምፅ ከቀረጹት አንዱ ከሆነው ፍሬድሪክ ኖርድስትሮም ጋር ስዊድን ሄደው ቀዱት፤ ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ጉርምርምታው ወደ መካከለኛ ጩኸት ወጣ፣ አዝማቾቹ በሕዝብ የሚጮኹ ሆኑ። «ቼልሲ ስማይል» ላይ መሃል አካባቢ ሙዚቃው ወደ ኤሌክትሮኒክ ዝምታ የሚወርድበትን ቦታ ልብ ብላችሁ ስሙ። በ2009 ያንኑ አልበም ለሌሎች ሙዚቀኞች ሰጥተው በሪሚክስ አወጡት። «ሴምፒተርናል» ላይ በድንገት የመጣ የሚመስለው ነገር አምስት ዓመት ቀድሞ እዚህ ተዘርቷል። ባንዱን የሚወቅሱ ሰዎች «ተቀየሩ» ሲሉ የሚረሱት ይህንን ነው፤ እያንዳንዱ አልበም ጥግ ላይ የሚቀጥለው አልበም ተቀምጧል።

አንድ ማሳሰቢያ። የዚህ አልበም ስም ራስን ስለማጥፋት ነው፤ ይዘቱም የሐዘንና የሞት ነው። ልቡ የከበደበት ሰው ብቻውን በሌሊት ባይሰማው ይሻላል። ከጓደኛ ጋር፣ በቀን ስሙት፤ ስለሰማችሁትም አውሩ።

የ2006ቱ «ካውንት ዩር ብለሲንግስ» የመጨረሻው ጥግ ነው። ሜታልኮር ሳይሆን ዴዝኮር ነው፤ ከሥር የሚወጣ ጉርምርምታ፣ ከላይ የሚወጣ ስንጥቅ ጩኸት፣ ፈጣን ድራም፣ ድንገተኛ ብሬክዳውን። 36 ደቂቃ ገደማ ነው። «ፕሬይ ፎር ፕሌግስ»ን ስሙ፤ ከወደዳችሁት የቀረው ተመሳሳይ ነው፣ ካልወደዳችሁት ቀሪው ሐሳባችሁን አያስቀይርም። ልጅነትና ቁጣ አለበት፣ ቅንብሩ ግን ክፍሎችን ጎን ለጎን ከመደርደር አያልፍም። ቢሆንም በዚያው ዓመት ኬራንግ መጽሔት የእንግሊዝ ምርጥ አዲስ ባንድ ብሎ ሸልሟቸዋል።

ወደፊት ለሚሄድ

«ዛትስ ዘ ስፒሪት» (2015) ለፖፕና ለሮክ ጆሮ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ሳይክስና ፊሽ ራሳቸው ፕሮዲውስ አደረጉት፤ የተቀዳውም በግሪክ ደሴት ሳንቶሪኒ ነው። ጩኸቱ ቀንሶ ሳይክስ በጥርት ያለ ድምፅ ይዘፍናል። «ዝሮን»፣ «ድራውን» እና «ዱምድ» ሁለት ጊዜ ከተሰሙ አይረሱም። ሜታል ያልለመደ ጓደኛ ካላችሁ የምታስተዋውቁት በዚህ ነው። በ2016 በለንደኑ ሮያል አልበርት አዳራሽ ከኦርኬስትራ ጋር ያቀረቡት ኮንሰርትም የዚህ ዘመን ነው፤ የአልበሙ ዜማዎች ያለ ጊታር ክብደትም መቆም እንደሚችሉ ያሳያል።

«አሞ» (2019) ላይ ሰው ይከፋፈላል። ስሙ በፖርቱጋልኛ «እወዳለሁ» ማለት ነው። ከድምፃዊቷ ግራይምስ ጋር የሠሩት «ኒሂሊስት ብሉዝ» የዳንስ ሙዚቃ ነው፤ «ማንትራ» ሮክ ነው፤ «ሄቪ ሜታል» የተባለው ዘፈን ላይ ራህዜል በአፉ ምት ይመታል። በእንግሊዝ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያ አልበማቸው ይህ ሆኖ ሳለ ሜታል ፍለጋ ለመጣ ሰው የምንመክረው የመጨረሻው ነው። አልበሙ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ደፋር ሥራ ነው። ግን ከየት እንደመጡ ያላወቀ ሰው ድፍረቱን አያየውም።

ሁለቱንም የሚፈልግ፣ ማለትም ዜማውንም ክብደቱንም፣ «ፖስት ሂዩማን፦ ሰርቫይቫል ሆረር»ን (2020) ይያዝ። 9 ዘፈን፣ 32 ደቂቃ፣ በኮሮና እገዳ ወቅት የተሠራ። የዱም ጌምን ሙዚቃ የሠራው ሚክ ጎርደን እጁን አስገብቶበታል፤ ጊታሩና ኤሌክትሮኒክሱ አንድ ማሽን ይመስላሉ። ከጃፓኖቹ ቤቢሜታል ጋር የተሠራው «ኪንግስሌየር» ፍጥነቱን፣ «ቲርድሮፕስ» አዝማቹን ያሳያል። ጊዜ የሌለው ሰው አንድ ብቻ ልስማ ቢል፣ ከሴምፒተርናል ቀጥሎ የምንሰጠው ይህንን ነው።

«ኔክስ ጄን» (2024) ፊሽ ከወጣ በኋላ የተጠናቀቀ ነው፤ 16 ትራክ አለው፣ ብዙ ሐሳብ ተጨናንቆበታል። ከ«ኩል ኤይድ» እና ከድምፃዊቷ ኦሮራ ጋር ከተሠራው «ሊሞዚን» ጀምሩ፤ ሙሉውን ግን ሌሎቹን ካወቃችሁ በኋላ።

ጅማ ላይ እንዴት ይሰማ?

የስልክ ስፒከር ለዚህ ሙዚቃ አይሆንም። መደበኛ ጊታር ዝቅተኛው ክሩ 82 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ወደ ድሮፕ ሲ (ሜታል ወደሚጫወትበት ዝቅ ያለ ቅኝት) ሲወርድ 65 ይሆናል፣ ቤዙ ደግሞ ግማሹ፣ 33 ገደማ። ትንሽ ስፒከር ይህን ጨርሶ አያወጣውም። ብሬክዳውኑ ሲመጣ የሚቀረው ሲምባሉና ጩኸቱ ብቻ ስለሆነ «ጫጫታ» ይመስላል። ብዙ ሰው ሜታል የሚጠላው ግማሹን ብቻ ሰምቶ ነው። ጆሮ ውስጥ ገጥሞ የሚዘጋ፣ ጎማ ያለው ርካሽ ማዳመጫ ይበቃል፤ ጎማው ልክ ካልሆነና አየር ካስገባ ግን ቤዙ ያመልጣል፣ ስለዚህ ትልቁንም ትንሹንም ጎማ ሞክሩ።

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ በስፒከር የሚሰማ ቀስታ ያለ መግቢያ ይጠፋል። እንዲህ ባለ ሰዓት ድምፁ ከዳር እስከ ዳር የሞላ «ሰርቫይቫል ሆረር» ይሻላል፤ «ሆስፒታል ፎር ሶልስ»ን ዝናቡ ሲያባራ ስሙት። ዝናቡን ለማሸነፍ ማዳመጫውን እስከ ጫፍ መክፈት ግን ጆሮን ይጎዳል።

ዳታን በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ነው። በ320 ኪሎቢት ጥራት አንድ ደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ይበላል፣ በ128 ኪሎቢት ደግሞ 1 ገደማ። ሴምፒተርናል በከፍተኛው ጥራት 110፣ በዝቅተኛው 45 ሜጋባይት አካባቢ ነው። እዚህ የጠቀስናቸው ስምንቱም ሥራዎች በ320 ሆነው አንድ ጊጋባይት አይሞሉም፤ በቪዲዮ ከሆነ ግን ብዙ እጥፍ ነው። ዋይፋይ ባገኛችሁበት፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢም ሆነ ካፌ፣ ድምፁን ብቻ አስቀምጡ። ከእጅ ወደ እጅ የዞረ፣ ደጋግሞ የተጨመቀ ፋይል ካጋጠማችሁ በሲምባሉ ታውቁታላችሁ፤ «ጽሽሽ» ማለቱን ትቶ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይንቦጫረቃል።

መጫወት ለሚፈልግ ባንድ

ጀማሪ ባንድ ከ«ዛትስ ዘ ስፒሪት» ቢጀምር ይቀለዋል። ሪፎቹ (የሚደጋገሙት የጊታር ሐረጎች) አጫጭር፣ አዝማቹ ግልጽ፣ ፍጥነቱም ለድራመር የሚቻል ነው። «ካውንት ዩር ብለሲንግስ» ለእጅ ልምምድ ጥሩ ቢሆንም ድራመራችሁ ሁለት ፔዳል ከሌለው አትድከሙ።

ዘፈኖቹ ዝቅ ባለ ቅኝት ስለሆኑ ጊታሩን ማውረድ ያስፈልጋል። ለድሮፕ ሲ ስድስተኛውን ክር ከኢ ወደ ሲ (4 ግማሽ ድምፅ)፣ ሌሎቹን አምስት በ2 ግማሽ ድምፅ አውርዱ፤ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ዲ ይሆናሉ። የክራችሁ ውፍረት የተለመደው ከ10 እስከ 46 (በኢንች ሺኛ) ከሆነ ወፍራሙ ይላላል፤ ፍሬቱን እየነካ ይንጣጣል፣ ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱትም ድምፁ ለቅጽበት ከፍ ይልና ከሌላው ጊታር ጋር ይጋጫል። መፍትሔው ከ11 እስከ 54 ወይም ከ12 እስከ 56 የሆነ ክር ነው። ወፍራም ክር ካልተገኘ ሌላ መንገድ አለ፤ ስድስተኛውን ብቻ ወደ ዲ አውርዱና ዘፈኑን የድምፅ ከፍታ በሚቀይር አፕ 2 ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ ተለማመዱ። ድምፃዊው ከፍ ስለሚልበት ለመድረክ ግን አይመቸውም። የጅማ እርጥበት ክር ቶሎ ያዝጋል፤ ከተጫወታችሁ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ከላይም ከሥርም ጥረጉት።

ዲስቶርሽኑን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን) እስከ ጫፍ አትክፈቱ። ሁለት ጊታሮች ሙሉ ዲስቶርሽን ይዘው አንድ ሪፍ ሲጫወቱ ድምፁ ጭቃ ይሆናል። አዝራሩን ከግማሽ ትንሽ አሳልፉና መካከለኛውን ድምፅ አትቀንሱት፤ ክብደቱን ቤዙ ይሰጣችኋል።

ከሴምፒተርናል ወዲህ ያሉትን ዘፈኖች ያለ ኤሌክትሮኒክሱ ብትጫወቱ ባዶ ይሆናሉ። ኪቦርዲስት ከሌላችሁ አንድ ፋይል አዘጋጁ፤ በግራ በኩል የምት መቁጠሪያ፣ በቀኝ በኩል የኤሌክትሮኒክ ድምፆቹ ይሁኑ። ግራና ቀኝን በሚለይ ገመድ ግራው ለድራመሩ ማዳመጫ፣ ቀኙ ለድምፅ ማጉያው ይሂድ። ስልኩን ከኔትወርክ አውጡት፤ በዘፈኑ መሃል የሚደወል ስልክ ሙዚቃውን ያቋርጠዋል። መብራት ከጠፋ ድራመሩ መቁጠሪያውን በስልኩ ባትሪ መስማቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ መብራቱ ቶሎ ከተመለሰ ከቆማችሁበት ሳይሆን ድራመሩ ካለበት ግቡ፤ ይህን አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ከእነሱ በኋላ የመጡትን ለሚፈልግ

«ሴምፒተርናል»ን ወዳችሁ የቀረውን ካዳረሳችሁ ባድ ኦመንስን ስሙ። በ2016 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ከሴምፒተርናል ጋር ከመጠን በላይ ይመሳሰላል ተብሎ ተተችቷል፤ ኋላ ግን የራሳቸውን መንገድ አገኙ። የፊሽን እጅ የሚፈልግ ደግሞ በፕሮዲውሰርነት የሠራቸውን የፖፒን «ኔጋቲቭ ስፔስስ» (2024) ወይም የእንግሊዞቹን የአርክቴክትስን የ2025 አልበም ይክፈት። ጊታሩና ሲንተሳይዘሩ የት እንደሚገናኙ ስታዳምጡ፣ «ካን ዩ ፊል ማይ ሃርት» መክፈቻ ላይ የሰማችሁትን እጅ ታውቁታላችሁ።